ከሉክሶር እስከ አስዋን፦ በመርከብ ወይስ በባቡር? (41 መልሶች)

ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩ (የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት) በአራት ቀን ውስጥ 41 መልስ ደረሰ። አንዳንዱ ተሰርዟል፣ አንዳንዱ ከጉዳዩ ወጥቶ ሄዷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ አድካሚ ሆነብን ስላሉኝ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ፈርኦኖችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረው፣ አንድም ቀን ፒራሚድ በዓይናቸው አላዩም። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያገኘሁት ጥቅል ጉዞ 8 ቀን ነው። ካይሮ 3 ሌሊት፣ ከዚያ በአውሮፕላን ሉክሶር፣ ከሉክሶር እስከ አስዋን ደግሞ በናይል ላይ በመርከብ 4 ሌሊት። አስጎብኚ አብሮ አለ። የጠየቅሁት መርከቡ ለዋጋው ይመጥናል ወይስ ሆቴል ይዘን በባቡር ብንሄድ ይሻላል የሚል ነበር። እግረ መንገዴንም መርከቡ ዋጋ ማስወደጃ ብቻ እንደሚመስለኝ ጻፍኩ። ክሩን ያጋጋለችው ይቺ አረፍተ ነገር ናት።

መልስ 1 የመጣው ከአንዲት ትሑት ሴት ነው። መጀመሪያ አባቴን ስለማስብ መረቀችኝ። ከዚያ እናቷን ይዛ በመርከብ እንደሄደችና ትልቁ ጥቅም ሻንጣ አለመጎተት እንደሆነ ነገረችኝ። አንዴ ክፍል ገብተሽ ልብስሽን ከሰቀልሽ፣ ከተማዎቹ ራሳቸው ወደ አንቺ ይመጣሉ የሚል ነው ሐሳቧ። አስዋን ሳይደረስ ባለችው ኮም ኦምቦ ላይ መርከቡ ከቤተ መቅደሱ ሥር ስለሚቆም እናቷ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የተራመዱት።

መልስ 2 በዚያ ተስማማ፤ አንድ ነገርም ጨመረ። ከሉክሶር ወደ አስዋን ሲኬድ ብዙውን ጊዜ 4 ሌሊት ነው፣ ከአስዋን ወደ ሉክሶር ግን 3። ምክንያቱ ወንዙ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ፣ ወደ አስዋን የሚወጣው መርከብ ከውሃው ጋር ስለሚታገል ነው አለ።

መልስ 3 ይህን በጨዋ ቋንቋ አረመ። የዛሬው መርከብ ሞተር ስላለው ውሃው ያን ያህል አያዘገየውም። ትርፏ ሌሊት ባብዛኛው ሉክሶር ላይ ታስሮ ለጉብኝት የሚውልባት ናት። ግን የወንዙ ነገር በጥንት ዘመን ትልቅ ጉዳይ እንደነበር አልካደም። ውሃው ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሸራ ይዘረጋል፣ ወደ ሰሜን የሚመለስ ሸራውን አውርዶ በውሃው ይነዳል። ጥንታውያኑ ግብፃውያን በሥዕል ጽሑፋቸው ወደ ደቡብ መጓዝን ሸራዋ በተዘረጋ ጀልባ፣ ወደ ሰሜን መጓዝን ሸራ በሌላት ጀልባ ይጽፉት ነበር። ይህን ለአባቴ በዚያው ማታ አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና እንዳነብ ጠየቁኝ።

መልስ 4 ላይ ክሩ ድምፁን ቀየረ። ጸሐፊው ከዚያ ጉዞ ተናዶ የተመለሰ ሰው ነው። ከአራቱ ሌሊት ሁለቱን መርከቡ ሳይንቀሳቀስ ወደብ ላይ ታስሮ አደረ። ለሰገነት ያለው ክፍል ተጨማሪ ከፍሎ፣ መጋረጃውን ሲገልጥ ያየው የሌላ መርከብ መስኮት ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ደግሞ አንድ የማያውቀው ሰውዬ ጥርሱን ይቦርሻል። ይህ ሆቴል ነው እንጂ ጉዞ አይደለም፣ ገንዘብሽን ወንዝ ውስጥ አትጣዪ አለኝ።

መልስ 5 ሳይቆጣ አብራራለት። በሉክሶርም በአስዋንም መርከቦቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ነው የሚታሰሩት። አንዳንዴ አምስት ስድስት ይሆናሉ። ወደ መሬት ለመውጣት በሌሎቹ መርከቦች እንግዳ መቀበያ ውስጥ እያለፍሽ ነው። ለዚህ ነው ለክፍል ሰገነት ብዙ መክፈል የማያዋጣው። ወንዙ የሚታየው ከላይኛው ወለል ነው፣ እሱ ደግሞ የሁሉም ነው። ለጉልበታቸው ግን ማሰብ ያለብሽ መሸጋገሪያ እንጨቱን ነው አለ፤ ጠባብ ነው፣ አንዳንዱም ተዳፋት አለው። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው የለም። በጣም ነው የጠቀመኝ።

መልስ 6 እና 7 ከሉክሶር በስተደቡብ ስላለችው ስለ ኤስና ከተማ ናቸው። እዚያ ወንዙን የሚያቋርጥ ግድብ አለ። መርከብ የሚያልፈው ውሃው ከፍና ዝቅ በሚደረግበት ጠባብ ማለፊያ በኩል ነው። ተራ ለመጠበቅ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ነጋዴዎች በትንንሽ ጀልባ ይመጡና ሻርፕና ጀለቢያ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ላይኛው ወለል ይወረውራሉ። ዋጋው የሚቆረጠው በጩኸት ነው፣ ገንዘቡም በዚያው ላስቲክ ተመልሶ ይወረወራል። የመልስ 6 ጸሐፊ በጉዞዋ ሁሉ እንዲህ የሳቀችበት ሰዓት እንደሌለ ጻፈች። መልስ 7 የጀለቢያ ጥጥ እንዴት እንደሚለይ አስረዳ። ሦስት ሰው ተከትሎት ስለ ጨርቅ አወራ። እሱን ልለፈው።

ነገሩን ያዞረው መልስ 11 ነው። ጸሐፊው ሉክሶር ውስጥ ከጎብኚ ቡድኖች ጋር በአስተርጓሚነት ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ጥያቄውን ስቼ እንደጠየቅሁ በቀጥታ ነገረኝ። ቁምነገሩ በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ደቂቃ ይሰጡሻል የሚለው ነው አለ። መርከብና ባቡር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መርከቦቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ፕሮግራም ስላላቸው ሁሉም ትልቁ ቤተ መቅደስ ያለባት ኤድፉ ከተማ የሚደርሱት በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ንጋት ላይ አንድ መቶ የፈረስ ጋሪ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ቤተ መቅደሱ ውስጥ አስጎብኚዎቹ በአሥር ቋንቋ እየተሻሙ ይናገራሉ። ከዚያ መርከቡ ሊነሳ ነው ይባልና ሩጫ ነው። ኤድፉ ደግሞ የሚሮጥበት ቦታ አይደለም። ግንባታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ተጀምሮ በ57 ነው ያለቀ። በግብፅ ውስጥ እንደ እሱ ሙሉ ሆኖ የቀረ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የለም። የዳነውም አሸዋ ውጦት ነው። ሰዎች በጣሪያው ላይ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር፤ በ1860ዎቹ ኦጉስት ማሪየት የተባለው ፈረንሳዊ ነው ያስጠረገው። ሰውየው ሌላም ነገር ነገረኝ። ሉክሶር አጠገብ፣ ፈርኦኖች በተቀበሩበት በነገሥታት ሸለቆ፣ አስጎብኚ መቃብሩ ውስጥ ገብቶ ማስረዳት አይፈቀድለትም፤ ውጭ ላይ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ሰዓት ያጠረው አስጎብኚ በሩ ላይ ሁለት አረፍተ ነገር ብሎ ይሸኝሻል። ሳትከፍዪ በፊት የደቂቃውን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቂ አለኝ።

መልስ 12 በአስጎብኚ ላይ ተነሳ። ጸሐፊው ብቻውን የሚዞር ሰው ነው። ስልኩ ውስጥ ሁሉም ነገር እንዳለና አስጎብኚ ማለት ወደ ሽቶና ፓፒረስ ሱቅ የሚነዳ እረኛ ማለት እንደሆነ ጻፈ። በሱቆቹ ነገር እውነት አለው፤ ሌሎችም መሰከሩለት። ድምፁ ግን የሚያስቀይም ነበር። እኔንም አባቷን በሰው የምታስነዳ ብሎ ነካኝ። ይህን ማለት አልነበረበትም።

መልስ 13 አልለቀቀችውም። ሉክሶር ባለው የካርናክ ቤተ መቅደስ ውስጥ 134 ዓምዶች ያሉበት አዳራሽ አለ። መሃሉ ላይ ያሉት 12ቱ ወደ 21 ሜትር ይደርሳሉ። ስልክሽን እያየሽ ከገባሽ የምታዪው ድንጋይ ነው አለች። የእሷ አስጎብኚ ቆም አድርጎ ቀና እንድትል ነገራት። ከዓምዶቹ ራስ በላይ፣ ፀሐይ በማይነካው ሥር፣ ቀለሙ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ አለ። ብቻዋን ብትሆን ቀና እንደማትል ጻፈች። ከዚያ ለመልስ 12 ጸሐፊ፣ ያየው ሳይሆን ያለፈው ነው የሚበዛው አለችው። እሱም መለሰ፣ እሷም መለሰች። መልስ 14 እና 15 ንትርክ ናቸው።

መልስ 16 በዚያ መሃል ገብቶ አንድ ስህተት አቀና። መልስ 13 አዳራሹን ያሠራው ራምሴስ 2ኛ ነው ብላ ነበር። ሥዕሎቹን ያስጀመረው አባቱ ሴቲ 1ኛ ነው፣ ራምሴስ ጨረሰው። ልዩነቱ ዛሬም በዓይን ይታያል፤ በሰሜን በኩል ያሉት የሴቲ ቅርጾች ከድንጋዩ ወጣ ያሉ ናቸው፣ በደቡብ ያሉት የራምሴስ ወደ ውስጥ የተቆፈሩ። እሷም አመስግና ተቀበለች። በዚህ ክር ውስጥ በጣም የወደድኩት ቦታ ይህ ነው። አባቴ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቆመው የአባትና የልጅን እጅ ሲለዩ ታየኝ። ለዚያ ደግሞ አርባ ደቂቃ አይበቃም።

ስለ ጉልበቱ የመከሩኝ መልስ 17 እና 18 ናቸው። በነገሥታት ሸለቆ መደበኛው ቲኬት ሦስት መቃብር ያስገባል። የቱታንክሃሙን መቃብር የራሱ ቲኬት አለው፣ የሴቲ 1ኛም እንዲሁ። ከመግቢያው እስከ መቃብሮቹ አጠገብ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ጉልበት የሚያመው ሰው የራምሴስ 4ኛን መቃብር ይምረጥ፤ ሰፊ ነው፣ ቁልቁለቱም ገር ነው። የቱትሞስ 3ኛ ግን ገደል ላይ በደረጃ ተወጥቶ ነው የሚገባው፣ እሱን ተዉት። ሃዋርድ ካርተር በ1922 ያገኘው የቱታንክሃሙን መቃብር ትንሽ ነው፤ ሥዕል ያለውም ሬሳው በነበረበት ክፍል ብቻ ነው። የንጉሡ አስከሬን እዚያው አለ፣ ዕቃው ግን ካይሮ ነው። በ2025 መጨረሻ በይፋ በተከፈተው በጊዛው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ከ5,000 በላይ የሆነው ዕቃ በአንድ ላይ ይታያል። መልስ 18 ጠቃሚ የሆነ ትንሽ ነገር ጨመረች። በብዙ ቦታ የቲኬት መስኮቱ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ ካርድ ያዥ። ለሽንት ቤትና ለቲፕ ደግሞ ዝርዝር የግብፅ ፓውንድ አይጥፋሽ።

ከ19 እስከ 22 ያለው ስለ ኤድፉ ፈረሶች ነው። አንዷ ጸሐፊ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ፈረሶች አይታ አልቅሳለች። ማንም በጋሪ እንዳይሄድ ለመነች። ሌላው፣ ጋሪው ባይኖር ፈረሱንም ባለቤቱንም የሚያበላ የለም ብሎ ጠንከር አለ። ሰደበችው፣ ሰደባት። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ። እኔ የያዝኩት መልስ 22ን ነው። አስጎብኚውን ቀድሞ ካነጋገሩት በታክሲም መሄድ ይቻላል።

የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ ነገር የመጣው በመልስ 23 ነው። ከአስዋን በመኪና ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው፤ መመለሻውም ያው። ብዙ ቡድን ገና ሳይነጋ በሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል። ጸሐፊው ለ74 ዓመት ሰው ይከብዳል ባይ ነው። አውሮፕላንም እንዳለ ጠቆመኝ። መልስ 24 ግን ቢከብድም ይሂዱ አለ። የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ ውሃው ሊውጠው ስለነበር፣ ከ1964 እስከ 1968 ቤተ መቅደሱን በመጋዝ ቆራርጠው 65 ሜትር ወደ ላይ፣ 200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወስደው መልሰው ገጠሙት። ታሪክ ያስተማረ ሰው የሦስት ሺህ ዓመቱንና የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያይበት ቦታ ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ ስለ ጉልበታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም።

ግድቡ ከተነሳ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅትም። መልስ 25 ጥሩ ጀምሮ ነበር። ኮም ኦምቦና ኤሌፋንታይን ደሴት ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለኩበት ጥንታዊ ደረጃ አለ። የዓመቱ ግብር የሚቆረጠው በዚያ ልኬት ነበር። በክረምት የሚመጣው ያ ሙላት የእኛ ደጋ ዝናብ ነው፤ በዓባይና በተከዜ ወርዶ ነው እዚያ ድንጋይ ላይ የተለካው። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ከ26 እስከ 29 ግን ፖለቲካ ሆነ፣ ስድብ ሆነ፣ አወያዩ አራቱንም አጠፋቸው። ያዘንኩት መልስ 25 ያነሳው ነገር በዚያው ተረስቶ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ደገምኩት።

መልስ 30 ክሩን ወደ ቦታው መለሰው። በሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ውስጥ ንግሥቲቱ ፑንት ወደምትባለው ጥንታዊ አገር የላከችው ጉዞ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ጎጆዎች አሉ፣ ዕጣን የሚሰጥ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተጭኖ ይታያል። ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን ወደ አፍሪካ ቀንድ ያደርሱታል። ብዙ ቡድን እዚያ የሚቆየው ፎቶ እስኪነሳ ነው አለ። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

መልስ 31 ከአንዲት እናት ነው። ሁላችንንም ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት። ቁስቋምን ለመሳለም ሄደው እንደነበር ጻፉ። የቱሪስት መርከቡ ከሉክሶር ወደ ደቡብ ስለሚሄድ፣ አሥዩጥ አካባቢ ያለው ደብረ ቁስቋም በዚህ ጉዞ እንደማይገኝ አስታወቁኝ። ካይሮ ላይ ግን አንድ ግማሽ ቀን ለጥንቱ የቅብጦች ሰፈር ስጪ አሉኝ። እመቤታችን ከልጇ ጋር ያረፈችበት የሚባለው ዋሻ በአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። አስዋን ስትደርሱ ደግሞ በፊሌ ቤተ መቅደስ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች ፈልጉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር። ዓመቱ ተጽፎበት የቀረው የመጨረሻው የጥንት ሥዕል ጽሑፍ ያለው በዚያው በፊሌ ነው፣ 394 ዓ.ም.። ለእሳቸው ማንም በክፉ አልመለሰም።

ባቡሩን ያስታወሰው መልስ 33 ነው። ሉክሶርና አስዋን በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ናቸው። ሉክሶር ሆቴል ይያዝ፣ ኤድፉና ኮም ኦምቦ በመኪና በመንገድ ላይ ይታዩ አለ፤ በፈለግሽው ሰዓት ትገቢያለሽ፣ መርከቦቹ ከሄዱ በኋላ ግቢው ባዶ ነው። መልስ 12 ይህን ደገፈ፣ ቀድሞ ለጻፈውም ይቅርታ ጠየቀኝ። ተቀብያለሁ።

መልስ 36 ደግሞ ያላሰብኩትን ሦስተኛ መንገድ አመጣ። ደሃቢያ የሚባል ባለ ሁለት ሸራ ትንሽ መርከብ አለ። ብዙዎቹ ከኤስና ተነስተው ወደ አስዋን ይሄዳሉ። ነፋስ ሲጠፋ የሞተር ጀልባ ይጎትታቸዋል። የሚይዙት ጥቂት ሰው ስለሆነ ትልልቆቹ መርከቦች በማይቆሙበት ይቆማሉ። ለምሳሌ ገበል ኤል ሲልሲላ ላይ። የካርናክና የሉክሶር ድንጋይ የተፈለፈለበት ሸንተረር እዚያ ነው፤ የመሮው ምልክት አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ኤስና ውስጥም የክኑም ቤተ መቅደስ አለ፣ ከመንገዱ 9 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ። ለዘመናት በጥላሸት የጠቆረው ጣሪያው በቅርብ ዓመታት ተጠርጎ ቀለሙ ወጥቷል። መልስ 37 ዋጋው ከትልቁ መርከብ እንደሚበልጥ አስጠነቀቀ። ልክ ነው፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

በመልስ 38 ላይ እኔው ገብቼ ያደረግሁትን ጻፍኩ። ጥቅሉን ለሚሸጠው ድርጅት ደውዬ የደቂቃውን ዝርዝር ጠየቅሁ። ሁለት ቀን አስጠበቁኝ። ከዚያ ላኩ። ካርናክ አንድ ሰዓት፣ ኤድፉ 50 ደቂቃ፣ ሐትሼፕሱት 30። ሽቶ ቤት ግን 45 ደቂቃ። ይህን ሳይ ነገሩ ለየልኝ። ጥቅሉን ተውኩት። ሉክሶር ሆቴል 3 ሌሊት እንይዛለን፣ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለሁለት ቀን ለብቻችን እንቀጥራለን፣ ከኤስና በደሃቢያ 4 ሌሊት እንሄዳለን። ገንዘቡ እንዲበቃ ካይሮን ወደ 2 ሌሊት አሳጠርኩ። አቡ ሲምበልን በአውሮፕላን።

መልስ 39 ካይሮን ማሳጠሬን አልወደደችውም። መልስ 40 መሸጋገሪያ እንጨቱን እንዳልረሳ አስታወሰኝ፤ ደሃቢያ ብዙ ጊዜ ዳር ላይ ተጠግቶ ስለሚቆም እንጨቱ አጭር ቢሆንም መሬቱ አሸዋና ሣር ነው፣ ምርኩዝ ያዥ አለ።

የመጨረሻው መልስ 41 ያ የመልስ 3 ጸሐፊ ነው። ከኤስና ወደ አስዋን ማለት ወደ ደቡብ ማለት እንደሆነ ጻፈልኝ፣ ስለዚህ ሸራው ይዘረጋል። ለአባቴ አነበብኩላቸው። ደብተራቸውን አምጥተው ጀልባዋን ሳሉ፣ ከነሸራዋ። ከሥሯ የመነሻችንን ቀን ጻፉ።